በሁለት ጾም መካከል የተመረመረ ውሃ

ፍሪጅ ያለው ሰው የሰው ምስጢር አያጣም። እኔ ይህን ያወቅሁት ሆቴል ከፍቼ ነው። ሆቴል ስላችሁ ፎቅና አሳንሰር እንዳታስቡ፤ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከኬላው ወደ ገበያው ስትወርዱ ያለች፣ ከፊት ምግብ ቤት ከጓሮ ጥቂት አልጋ ያላት ቤት ናት። ከአልጋዎቹ ይልቅ ያስከበረኝ ግን ፍሪጁ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የሚነሳው ለእሱ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ አደራውን የሚያኖረው እዚያ ነው። የስኳር መርፌውን የሚያስቀምጥ አለ። የሰርግ ኬክ ያሳደረ አለ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌርማ ከሞምባሳ ያመጣውን ዓሣ አስቀምጦ ረሳው፤ ሽታው ግን እኛን አልረሳንም። እንግዲህ የሰፈሩን ሰው ጠባይ ከንስሐ አባቱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ውሃ ያስቀመጠ ግን ዋርዮ የመጀመሪያው ነው። ውሃ ማስቀመጥ ምን ይገርማል እንዳትሉኝ፤ እኔም ቀዝቀዝ ሲልለት ሊጠጣው መስሎኝ ነበር። ዋርዮ በወር አንዴ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥኑን ታቅፎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከኢሲዮሎ በአውቶቡስ የሚመጣ ወጣት የቦረና ልጅ ነው። እኔ ዘንድ ያድራል፣ እኔ ዘንድ ይበላል። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ማማ ሄኖክ፣ እኔ ውሃ ነው የምጠብቀው» አለኝ። (በዚህ አገር እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው፤ የራሴን ስም እኔም ከረሳሁት ቆይቻለሁ።) የውሃ ጠባቂ! እኔ እስከማውቀው ሞያሌ ውስጥ ውሃ የሚጠበቀው እስኪመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦቦ በኩል፣ መንገዱ መንገድ መሆኑን ከሚረሳበት ቦታ አለፍ ብሎ፣ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ከየአገሩ ሰው የጎረፈበት ቦታ ነበር። የእኛ አገር ሰውም አልቀረ፤ ወርቅ በተባለበት ቀርቶ ወርቅ በተወራበትም የምንቀር ሰዎች አይደለንም። ቆፋሪዎቹ ወርቁን ከአፈሩ የሚለዩት ሜርኩሪ በሚባል ፈሳሽ ብረት ነበር አሉ። ውሃ ውስጥ ቢገባ አይሸት፣ አይመር፣ አይታይ፤ ቀስ ብሎ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ክፉ ነገር ነው። ኋላ የወርቁ ጉድጓድ ተዘጋ። አፈር ተሞላ፣ ተደለደለ፣ ሣር ተዘራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ አጥር ታጠረ። ዛሬ ብታዩት ፍየል የሚያስጎመጅ መስክ ነው። ዋርዮ የሚመጣው ግን መስኩን ሊያደንቅ ሳይሆን፣ ከሥር የተቀበረው ነገር ተነቃንቆ ወደ ውሃው ወርዶ እንደሆነ ሊያይ ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ከእራት በኋላ አጠገቡ እቀመጥና እጠይቀዋለሁ። ከሦስት ቦታ ነው የሚቀዳው፤ ከወርቁ ጉድጓድ በላይ ካለው ምንጭ፣ ከበታቹ ካለው ኤላ (የውሃ ጉድጓድን እዚህ ኤላ ነው የሚሉት)፣ ከዚያ ደግሞ ወረድ ብሎ ካለው ኩሬ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ደጋግሞ ያለቀልቀዋል፤ የቴሌቪዥን ሪሞት የመሰለች መሣሪያውን ውሃው ውስጥ ይነክርና የምትለውን ይመዘግባል። «የላዩ ምንጭ ምን አደረገህ?» አልኩት። «ወርቁ የተቆፈረው ከእሱ በታች አይደለም ወይ?»

«ውሃው ጉድጓዱን ሳያገኘው በፊት ምን እንደነበር ካላወቅሁ፣ ካገኘው በኋላ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ ማማ?» አለኝ።

ይህን አባባል በጣም ወድጄው ልታገባ ላለች ሴት ሁሉ ስነግር ከረምኩ።

ከሥር ያለው ኤላ የዳርሚ ነው። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ርቆ ይከርማል፤ እሷ ከፍየሎቿ ጋር እዚያው ናት። በየማለዳው የፍየል ወተት በፒኪፒኪ ሞተር ትልክልኛለች፤ ሻዬ በሞያሌ ስሙ የተጠራው በእኔ እጅ ሳይሆን በዳርሚ ወተት መሆኑን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ዘመዶቿ አንድ በአንድ ከከተማው ጥግ ወዳለችው ቡቲዬ ገብተዋል። እሷን እዚያ ያስቀራት ኤላው ነው። የባሏ አባት የቆፈረው ነውና ኤላው ካለ ቤት አለ፣ ኤላው ከሌለ ቤት የለም። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ገብቷል።

አሁን ወደ ፍሪጄ እንመለስ። ዋርዮ ለብረት ምርመራ በሚቀዳው ውሃ ላይ ጥቂት አሲድ ጠብ ያደርግበታል፤ ላቦራቶሪ እስኪደርስ እንዳይለወጥ ነው አለኝ። ስለዚህ ያ ጠርሙስ ለጉሮሮ አይሆንም። ጠርሙሶቹ ያሉት ደግሞ ከለስላሳዬ ጎን ነው፤ ከዋጂር በኩል በሐሩር ነድዶ የመጣ ሹፌር ፍሪጅ ሲከፍት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ምን እንደጠጣ ይጠይቃል። ዋርዮ ይህን ፈርቶ በየጠርሙሱ ላይ በትልልቁ በስዋሂሊ «ሲ ያ ኩኝዋ» ብሎ ጻፈ። በአማርኛችን «አይጠጣም» ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ የተቀዳበትን ቦታ ጻፈ፤ «የዳርሚ ኤላ»።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «አይጠጣም። የዳርሚ ኤላ።» ጠርሙሱ ነው የማይጠጣው ወይስ ኤላው? ዋርዮ ያሰበው ጠርሙሱን ነው። ያነበበው ሰው ግን ያነበበው ኤላውን ነው።

ወሬው ከፍሪጄ በር የወጣው በስዋሂሊ ነው። ሹፌሮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አማርኛ ሆነና «የዳርሚ ውሃ ተመርዟል» ተባለ። ቡቲዬ ሲገባ ቦረንኛ ለበሰ፤ «ሂንዱገሙ!» አሉ፣ አይጠጣም። ጎዶማ መንደር የደረሰ ዕለት ፍየሎቹ አልቀው ነበር። ፍየሎቹ እንኳን በዚያ ሰዓት ሞታቸውን ሳይሰሙ ቅጠል እየበሉ ነበር። ድንበር ላይ የሚኖር ወሬ ቋንቋ በለወጠ ቁጥር ቀረጥ ይጨመርበታል መሰለኝ።

ጊዜው ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ የተገናኙበት ወቅት ነው። ቀን ቀን ሆቴሌ እንደ ተዘጋ ነው፤ ማታ ጸሐይ ስትጠልቅ ግን ሙስሊሙ ጾሙን ሊፈታ ይጎርፋል፤ ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ በወተት። እንግዲህ ሻዩን ሳቀርብ «ማማ ሄኖክ፣ ወተቱ የማን ነው?» ማለት ተጀመረ። የዳርሚ ነው ስል ብርጭቆው ላይ መዳፋቸውን ይከድኑበታል። ምንም የለውም ብዬ እምላለሁ። እምላለሁ እንጂ፣ እኔ ሁዳዴ ይዤ ወተት አልቀምስም፤ በአፏ የማታዞረውን ነገር ጠጡ ጠጡ የምትል ሴት ማን ያምናታል?

በሳምንቱ ዳርሚ ራሷ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ በገበያ በለመደችው አማርኛ፣ «ወተት መሬት ደፋሁ፣ ማማ ሄኖክ» አለችኝ። «ዘመድ ሁሉ ቡቲዬ ግቢ፣ ኤላ ተይ ይላል። ለልጁ እዘኚ ይላል። ኤላ ጥሎ ይኬዳል እንዴ? ውሃው ክፉ ከሆነ እሄዳለሁ። ክፉ ካልሆነ ለምን እሄዳለሁ? እንዲህ ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው ብቻ ስጪኝ።» ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ባዶ የወተት ዕቃዋን በሌላው ይዛ ነበር። አንጀቴን በላችው። ያን ማታ ኢሲዮሎ ደወልኩ፤ «ወይ ውጤቱን ይዘህ ና፣ ወይ ሁለተኛ ጠርሙስህን ፍሪጄ ውስጥ አታኖርም!» አልኩት ዋርዮን። ምስኪኑ ልጅ የጻፋት ቃል ምን እንዳደረገች የሰማው ያኔ ነው። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አለኝ፣ በጣም ይቅርታ ማለቱ ነው።

ውጤቱን ይዞ መጣ። ቺፉ፣ የአካባቢው ሹም ማለት ነው፣ እዚያው ኤላው አጠገብ ባራዛ ጠራ፤ የኬንያ ስብሰባ ባራዛ ነው የሚባለው። እኔም ሆቴሌን ዘግቼ በፒኪፒኪ ሄድኩ። ምን አገባሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ወሬው ከእኔ ፍሪጅ ወጥቶ መጨረሻውን ሳላይ ልቀር ነው? ቀትር ላይ ነበር። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ከግራሩ ሥር ተጠጋግቷል፤ ከንፈሩ ያልደረቀ ሰው አልነበረም።

ዋርዮ ቆመና ወረቀቱን ዘረጋ። ንግግሩ በቦረንኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ። «የኤላው ውሃ ተመርምሯል። ሜርኩሪውም ሌላውም ከሚፈቀደው መጠን በታች ነው» አለ።

ሐጂ ጉዮ እጃቸውን አነሡ። የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሲከፍቱት ግን ተጠንቀቁ። «የሚፈቀደው ያልከው፣ ማን ነው የፈቀደው? እኛን የጠየቀን የለም።»

ዋርዮ ስለ መጠን ሊያስረዳ ሞከረ፤ በዓለም ላይ ምንም የሌለበት ውሃ እንደሌለ፣ ጥያቄው ስንት አለ የሚለው እንደሆነ ተናገረ። ያብራራ ይመስለዋል እንጂ ሰዉ «ስንት አለ» የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። ቺፉ ቸኩለው፣ «ባጭሩ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?» አሉት።

«በዚህ ወር ንጹሕ ነው።»

«በሚቀጥለውስ?»

«መጥቼ አያለሁ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ አያለሁ። ለዚህ ነው የምመላለሰው።» ከዚያ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ጻፋት ቃል አንድም ሳይደብቅ ተናገረና ዳርሚን ይቅርታ ጠየቀ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ዳርሚ ፊቷ በራ። እኔማ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነጠላዬን ማስተካከል ጀምሬ ነበር።

ሐጂ ጉዮ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ጠጥተኸዋል?»

ጭብጨባው ቆመ። «ጾመኛ ነኝ፣ አባ» አለ ዋርዮ።

እውነቱን ነው። ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ያለው ሰው ያን ቀን እዚያ ቢኖር ገንፎውን ትቶ ወደ ውሃው ይመጣ ነበር። ለካ ሰውዬው በመጣ ቁጥር ቀድቶ ሄደ እንጂ ጠጥቶ አያውቅም! ለካ ማንም አላየውም! መጠጥ ያቀረበ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጥ፤ ይህን ደንብ እኛ ከደጋ ይዘነው መጣን እንጂ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሰውን መጠርጠር ከጀመረ ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። ታዲያ ይቀመስ ተባለ። ማን ይቅመስ? ቺፉ ጾመኛ ናቸው። ሐጂ ጉዮ ጾመኛ ናቸው። የሞተሩ ነጂ ጾመኛ ነው። ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። «ሃዳ ሄኖክ፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ» አሉኝ፣ የሄኖክ እናት ብለው በቋንቋቸው። ሁዳዴ መሆኑን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፌ እንደማይዞር አስረዳኋቸው። ቢቸግር ወዲያ ወዲህ አየን። ሞያሌን እንደማውቃት፣ በሌላ ቀን ከየጥላው ሥር ሲያላምጥ የሚገኝ ሰው አይጠፋም። ያን ቀን ግን ሁሉም በአንድነት ጻድቅ ሆነና ለአንድ ኩባያ ውሃ የሚሆን አንድ ኃጢአተኛ ጠፋ።

«እኔ አልጾምም» የሚል ድምፅ ሰማን። ዳርሚ ናት። ነፍሰ ጡር ጾም የለባትም። እኛ ስንከራከር እሷ ኤላው ጋ ወርዳ፣ ቀድታ፣ ኩባያዋን ሞልታ ቆማለች።

«አይሆንም!» አሉ ቺፉ። «ተይ፣ ልጄ!» አሉ ሐጂ ጉዮ። ከሁሉም ይልቅ የጮኸው ደግሞ የማን ድምፅ መሰላችሁ? የእኔ። «አንቺ አይደለሽም! ሆድሽን እዪው!»

ዳርሚ ኩባያውን እንደያዘች አንድ በአንድ አየችን። «አሁን አጨብጭባችሁ አልነበረም?» አለች። «እኔ ካልጠጣሁት፣ ለማን ነው የተመረመረው?»

እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ሳስበው፣ በዚያ ቀትር ውሃ እንዲጠጣ ሃይማኖት የፈቀደለት ማን ነው? ሕፃን ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት። የምንሰጋላቸው ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ውሃው ንጹሕ ነው ብለን ያጨበጨብነው ለጤነኛው ነው፤ ጤነኛው ግን በዚያ ሰዓት አይጠጣም። አፈርኩ።

ሐጂ ጉዮ ከመካከላችን ቀድመው ነቁ። «ዋርዮ፣ ቤትህ የት ነው?»

«ኢሲዮሎ፣ አባ።»

«እንግዲያስ መንገደኛ ነህ። መንገደኛ ቢያፈጥር ተፈቅዶለታል፤ ቀኑን በኋላ ይከፍላል።»

ዋርዮ ወረቀቱን አጠፈው። የፈራ አልመሰለኝም፤ የተናደደ ነው የመሰለኝ። «አባ፣ መጠጣቱ አያቅተኝም» አለ። «ግን ዛሬ ጠጥቼ ባልታመም ምን ታውቃላችሁ? ሜርኩሪ በአንድ ኩባያ አይገድልም፤ በዓመታት ነው። ቢኖርበትም ጠጥቼ ደህና እውላለሁ። ሆዴ ላቦራቶሪ አይደለም። ሆዴን አምናችሁ ወረቀቱን ከተዋችሁት፣ ነገ የሚጠጣላችሁ አታላይ ቢመጣ እሱንም ታምናላችሁ።»

ወገኖቼ፣ እውነት ተናገረ። እንዲህ ያለ እውነት ሰምቼ አላውቅም ብዬ ሳልጨርስ ሐጂ ጉዮ መለሱለት።

«ሆድህ ላቦራቶሪ እንዳልሆነ እናውቃለን፣ ልጄ። ውሃውን አንተ አውቀኸዋል፤ ወረቀቱም አውቆታል። እኛ ወረቀቱን ማንበብ አንችልም። አንተን ግን ማንበብ እንችላለን። የምንቀምሰው ውሃውን አይደለም፣ አንተን ነው።»

ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው። እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ። ዋርዮ ግን ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም፤ ሄዶ ኩባያውን ከዳርሚ እጅ ተቀበለ፣ ቢስሚላህ አለ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ከዚያ ኩባያውን ራሱ ቀድቶ ለዳርሚ ሰጣት። እሷም ጠጣች። ደግማም ጠጣች። ደስ አለኝ፣ እንዲያው ዝም ብሎ ልቤን ደስ አለው።

ሰዉ ግን አልሄደም። ባራዛው ተዘግቷል ቢባልም ከግራሩ ሥር ቁጭ ብሎ ዋርዮን ያያል። ዋርዮ ባሳለ ቁጥር አንገት ሁሉ ይዘረጋል። አንዴ ቀበቶውን ለማጥበቅ ሆዱን ነካ ቢያደርግ ሦስት ሰው ብድግ አለ።

ማታ ሆቴሌ ጢም አለ። ዳርሚ ወተቷን ዛሬ ለሞተረኛ አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ መጣች። ጸሐይ ጠልቃ አዛን ሲሰማ ሐጂ ጉዮ በቴምር ጾማቸውን ፈቱና የመጀመሪያውን ሻይ በወተት ሰው ሁሉ እያየ ፉት አሉት። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ የከደነ እጅ አላየሁም። ዳርሚ ቆማ ሁሉንም ስታይ ቆየችና፣ ስትረካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደክሟታል። «ውሃ ስጪኝ» አለችኝ። ጣሪያ ላይ ካለው ታንከሬ የሚወርደውን ቧንቧ ከፍቼ አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠኋት።

አልጠጣችም። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሣችና አየችው፤ ከዚያ መልሳ ወደ እኔ ዘረጋችው። «ቅመሺ፣ ማማ ሄኖክ» አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ጾም ነው የሚባል ማምለጫ የለኝም። ተቀብዬ ጠጣሁ። እየጠጣሁ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ከተማ ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ነው። ቦቴው ይመጣል፣ ጎማው ቱቦ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ ታንከሩ ይሞላል፣ ቦቴው ይሄዳል። ስንት ዘመን ሻይ አፍልቼበታለሁ፣ ምግብ ሠርቼበታለሁ። የሰው ኤላ ላይ ስፈርድ ውዬ፣ የራሴን ውሃ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ማማ፣» አለ ዋርዮ ከጥግ ካለው ጠረጴዛ፣ «ይህ ውሃ ከየት ነው?»

«ከቦቴ ነዋ።»

«ቦቴውስ ከየት ነው የሚቀዳው?»

ሐጂ ጉዮ ዓይናቸውን ከፈቱ። ቺፉ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በወር በወሩ የሰው ውሃ በበረዶ ሣጥን ሲያመላልስ የኖረው ዋርዮ ሁለተኛውን ሻይ ወደ አፉ ሲያደርስ እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ጠጣ እንጂ፣ ዋርዮ» አልኩት። «ቀምሼልሃለሁ።»